በሰሊጥ ዘይት የታሸ ጎማ

ጥቅምት 6 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ኮኪት ከተማ መግቢያ ላይ ካለው ኩርባ ከመጀመሪያዋ ሞተር ሳይክሌ ጋር ወደቅሁ። ቀኑንና ሰዓቱን የማስታውሰው ጉዳቱ ከባድ ስለነበረ አይደለም፤ የተላጠው ክንዴ ብቻ ነበር። በማግስቱ የሆነው ነው ቀኑን ያተመብኝ። ዛሬም አንድ መደብር ደጃፍ ላይ የአዲስ ጎማ ሽታ ሲያገኘኝ፣ ከሥሩ የሰሊጥ ዘይት የሚሸተኝ ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በሰብል ባለሙያነት ተመድቤ ከአባቴ ጋር እኖር ነበር፤ እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። አባቴ በወጣትነታቸው ከደጋ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው መሬት የያዙ ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል፤ በዚያ ዓመት ግን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው መሄድ አቅቷቸው ነበር። ሰሊጥ ደግሞ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ ደርሶ አፉን ከከፈተ በአንድ ነፋስ ይረግፋል። ከጎንደር የመጣ አንድ ባለሀብት ማሳውን እንዲያከራዩት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባቸው አሳፍረው መልሰዋል። ሞተሯ ከመጣች ወዲህ ተስፋቸው አንድ ነበር፤ ከኋላዬ ተቀምጠው ለአጨዳው መድረስ።

እኔ ግን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ ሰው ነበርኩ። አዲስ ሞተር ሮዳጅ አለው፤ የመጀመሪያውን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በዝግታ፣ ሰው ሳይጭኑ መንዳት ያስፈልጋል። ንፋስ የሞላልኝ ጎሚስታም አስጠንቅቆኛል፤ “የአዲስ ጎማ ፊቱ ልስልስ ነው፤ አስፓልቱ እስኪፍቀው ድረስ ኩርባ ላይ አትመኚው።” ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ባዶዋን፣ በዝግታ፣ ሰሊጥ በጫኑ የጭነት መኪኖች አቧራ ውስጥ እነዳት ነበር። እህል ነጋዴዋ ጎረቤታችን ከደጇ ሆና፣ “የእኛ ባለሙያ ዛሬም አህያ ቀደማት” ትል ነበር።

አባቴ ማታ ማታ ሞተሯን ይዞሯት ነበር። “መቼ ነው ለእኔ የሚፈቀደው?” አሉኝ አንድ ቀን።

“ሮዳጁ ሲያልቅ፣ አባባ። ጎማውም ገና አልተገራም።”

ይህን ብቻ ነበር ያልኩት። ቀን ሙሉ ለማላውቃቸው ገበሬዎች የዘር ርቀትና የአረም ጊዜ ሦስቴ አራቴ የማስረዳ ሴት፣ ለአባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ከበደኝ። ጎማው የሚገራው ሲሻክር እንጂ ሲለሰልስ እንዳልሆነ አልነገርኳቸውም። እሳቸው የሚያውቁት መግራት ሌላ ነበር። አዲስ የቆዳ ጠፍር በሰሊጥ ዘይት ሳይታሽ በበሬ አንገት ላይ አያስሩም፤ አዲስ ጫማ እንኳ የሚያደርጉት ቀብተው ነው።

ያን ሐሙስ ከቤት ስወጣ ጎማዎቹ ያብረቀርቁ ነበር። ጤዛ መሰለኝ። ሽታውንም አልለየሁትም፤ በጥቅምት ኮኪት ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ኩርባው ላይ ሞተሯ ከሥሬ ሸሸች። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው የማሽላ መኪና በጩኸት ፍሬን ይዞ ቆመ። ጎሚስታው ከሱቁ ሮጦ መጥቶ አነሳኝ፤ ከዚያ ጣቱን በጎማው ላይ አሳልፎ አሸተተው።

“ማነው ይሄን እንደ ሙሽራ ፀጉር የቀባው?” አለ።

ሞተሯን እየገፋሁ ተመለስኩ። አባቴ ደጅ ላይ ማሳውን ከሚጠብቅላቸው ወኪል ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ሰውየው ሰሊጡ አፉን ሊከፍት መቃረቡን ሊነግራቸው በማለዳ መጥቶ ነው። ጎረቤታችንም ቆማ ነበር። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ቁጣዬ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

“አባባ፣ የማያውቁትን ነገር ባይነኩ ምን ነበረበት?”

ጎረቤታችን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ወኪሉ መሬት መሬት አየ። አባቴ ክንዴን ተመለከቱ።

“ጎማው ቶሎ እንዲገራልሽ ብዬ ነበር” አሉ፤ “አጨዳው ደረሰብኝ።” ቀጥለውም፣ “ክንድሽን ታጠቢው” አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ይቅርታ የሚሆን ቃል ስመርጥ ዋልኩ። እያንዳንዱን እመዝናለሁ፤ አንዱ ያንሳል፣ ሌላው ይበዛል። ማታ እራት ሳቀርብ፣ “ነገ አብረን እንሄዳለን” ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሮዳጁ የቀረው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ባለሀብቱ ከወኪሉ ጋር ደጃችን ተቀምጧል። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። የቆመውን ሰሊጥ ወኪሉ እንዲሰበስብ፣ ከመጪው ክረምት ጀምሮ ደግሞ ማሳው ለእንግዳው እንዲከራይ ወስነዋል። ለኪራይ ውሉ ወረቀት ዘረጉልኝ።

“ጽሕፈትሽ ያምራል” አሉኝ፤ “አንቺ ጻፊው።”

የማሳውን አዋሳኞች፣ በስተምሥራቅ ወንዙን፣ በስተደቡብ የጎረቤቱን መሬት፣ እሳቸው እየነገሩኝ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው ጻፍኩት።