የመኪናዬ ማራገቢያ ጭንቅላቴን ሳተኝ

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ የመኪናዬ ማራገቢያ አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ ኮፈኖውን በሳው፤ ጭንቅላቴ በነበረበት በኩል።

ያቺ አሮጌ ፒካፕ ሰሞኑን ቋ ቋ ትላለች። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምትጮህብኝ እሷ ብቻ ናት።

መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» አለኝ።

«አይወርድም! ድምፁ ከማራገቢያው ነው» አልሁና አስነስቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

መካኒኩ ማራገቢያው ሲወላገድ አየና «አባባ፣ ይራቁ!» ብሎ በጋቢዬ አንቆ ጎተተኝ።

«አንተ ማነህና ነው የምታንቀኝ!» ብዬ በዱላዬ ትከሻውን አቀመስሁት። ተያይዘን መሬት ወደቅን። ክንፉ የበረረው ይኸን ጊዜ ነው።

ትከሻው አብጧል። የሚታሽበት ቅቤ ልኬለታለሁ፤ ይቅርታ ግን ከአፌ አልወጣም። ድምፁስ ከማራገቢያው ነበር!

እናንተስ ያዳናችሁን ሰው መትታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብቻ እንዳልሆን ጻፉልኝ።