ፉከራ ያቀዘቀዘው ብረት

እናቴ ጓዳ ውስጥ ያለው ዘነዘና የብረት ነው። የክንዴን ያህል የወፈረ፣ አንድ ጫፉ በመዶሻ ብዛት የተደፈጠጠ፣ ለማንሳት ሁለት ጎረምሳና አንድ ቄስ የሚጠይቅ። እሷ ግን እንደ ማንኪያ ታነሳዋለች። ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጥበት ድምፁ ደብረ ታቦር ገበያ ድረስ የሚሰማ ይመስለኛል፤ እኔንም በአንዴ ልጅ ያደርገኛል።

ያኔ ወደ መንደራችን በራሱ ፈቃድ የሚመጣ ጅብና ብርድ ብቻ ነበር። መንገድ የለም። የታመመ ሰው በቃሬዛ ነው ደብረ ታቦር የሚወጣው። ታላቅ እህቴ ይርገዱ የመጀመሪያ ምጧ በዚያ ቃሬዛ ላይ ነው የያዛት፤ ሐኪም ቤት ደርሳ ስትገላገል ሕፃኑ ትንፋሽ አልነበረውም። ባሏ አዳነ ቃሬዛውን ከፊት ሆኖ የተሸከመ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሰላምታ እንኳ በአንገቱ ነበር የሚሰጠው።

ይርገዱ ዳግም በፀነሰች ጊዜ ዶዘር መጣ። ሆዷም ይገፋል፣ መንገዱም ወደ እኛ ይገፋል፤ ማን ይቀድማል እያልን እንጠብቃለን። የናፍጣው ሽታ ለእኛ ለልጆች ከሽቶ በላይ ነበር። ታዲያ ዶዘሩ ከቤታችን በታች ያለው ገደላማ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የፊት አካፋውን የሚያነሳው ክንድ ተሰብሯል። ኦፕሬተሩ ጋሽ ታደለ መለዋወጫ አለው፤ አሮጌውን ክንድ የያዘው ፒን የሚሉት ወፍራም የብረት ዘንግ ግን ዝጎ ከነቀለበቱ አንድ ሆኗል። ግራሶ፣ የማሽን ቅባት፣ ከነካው ስንት ዘመኑ። “እስከ ነገ ማታ ካልወጣ አለቆቼ ማሽኑን ጭነው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል” አለን። ያ መታጠፊያ ካልተቆረጠ ደግሞ መኪና እኛ ዘንድ አይደርስም። እናቴ ይህን ስትሰማ አንዴ ገደሉን፣ አንዴ የይርገዱን ሆድ አየች።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ለአጨዳ እንደሚወጣ ሁሉ በደቦ ወጣ። አንዲት ባልቴት ለፒኑ ለጋ ቅቤ አምጥተው እንደ ሙሽራ አናት ቀቡት። ዞር ሲሉ ጋሽ ታደለ ቅቤ የነካ ጣቱን ሲልስ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ በፒኑ ዙሪያ ከሰል ተከመረ፣ ወናፍ ተነፋ። “ቀለበቱ ሲግል ይሰፋል፤ ያኔ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው” ብሎ ጋሽ ታደለ ትልቁን መዶሻ አቀበለ።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። እኛ አገር ወንድ ልጅ በሰው ፊት ከባድ ነገር ሊመታ ሲነሳ ሳይፎክር አይመታም። የመጀመሪያው ሰውዬ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። “ዘራፍ! ዘራፍ የጥቁሩ በሬ ጌታ! ዘራፍ ዳገት የማያደክመኝ!” አያቱን ጠራ፣ የአያቱን ጠመንጃ ጠራ፣ የአያቱን በቅሎ በስሟ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉለት። አንዴ ቷ! አደረገና መዶሻውን ለሚቀጥለው ሰጠ። የሚቀጥለው በቅሎ ስላልነበረው የአጎቱን ተዋሰ። ሌላ ከሰል፣ ሌላ ፉከራ፣ አንድ ምት። እያንዳንዱ ፎክሮ እስኪጨርስ ብረቱ ድመት የምትተኛበት ያህል ይቀዘቅዝ ነበር።

“ወንድሞቼ፣” አለ ጋሽ ታደለ ራሱን ይዞ፣ “ፒን እኮ ነው! የማንንም ሚስት አልሰደበም!”

ማንም አልሰማውም። ፀሐይ ዘቅዘቅ አለች፤ የቀረን ከሰል ለአንድ ማጋያ ብቻ ነው። ይሄኔ እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መሀል ገባች።

“ስሙኝማ! እሳቱ ሲነድ ፎክሩ። በቅሎአችሁንም፣ ዶሮአችሁንም ጥሩ። ጋሽ ታደለ ‘በቃ’ ሲል ግን አፉን የከፈተ ሰው የይርገዱን ቃሬዛ ብቻውን ይሸከማል!”

የመጨረሻው ከሰል ተከመረ። ወናፉ ተነፋ፤ ፉከራው ከወናፉ ጋር ሰማይ ነካ። “በቃ!” ሲባል ሁሉም አፉን ዘጋ። መዶሻው ያለው አዳነ እጅ ነበር። ወትሮም የሚለው የለውምና ወዲያው መታ። ደገመ። ሳያርፍ ደጋግሞ መታ፣ ላቡ ብረቱ ላይ እየተንጨሰጨሰ። በመጨረሻ “ጢቅ” የሚል ድምፅ ተሰማ። ፒኑ የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እንደ ጥርስ ወጣ።

“አሁን ፎክር! ያንተ ነው፣ አዳነ!” ብለው ጮኹ። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መዶሻውን ጥሎ ይርገዱ እግር ስር ቁጭ አለ። የሳቀበት ሰው አልነበረም።

መታጠፊያው ተቆረጠ። ምጧ ሲመጣ የጭነት መኪና ደጃችን ድረስ ወጣ፤ ልጁም ደብረ ታቦር ላይ እየጮኸ ተወለደ። ፒኑን እናቴ ለዘነዘና ወሰደችው።

ዛሬ በዚያ መንገድ ባጃጁ እንደ ንብ ነው። የዛሬ ልጆች መንገዱ ከኖኅ ጀምሮ የነበረ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው፣ ደስ ይለኛል። እኔ ግን መታጠፊያው ላይ በደረስኩ ቁጥር ቆቤን አወልቃለሁ፤ ለጋሽ ታደለ፣ ለባልቴቷ ቅቤ፣ ለእነዚያ አፋቸውን ለዘጉ ጀግኖችም ጭምር።

ባለፈው ጥር ያ እየጮኸ የተወለደው የይርገዱ ልጅ ተዳረ። ዳሱ ውስጥ ዘፈኑ ሲደራ ፀጉሩ የሸበተው አዳነ ድንገት ተነስቶ ጓዳ ገባና ዘነዘናውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። “ዘራፍ!” አለ። ተንጎራደደ፣ ፎከረ፣ ደገመ፣ እናቴን በስሟ ጠራ፣ ያንን መዶሻ ጠራ። ወጡ ቀዘቀዘ። የሚያቻኩለው ግን አልነበረም፤ በሠርጉ ቀን የሚቀዘቅዝ ብረት አልነበረብንም።