የኡመይር መኪና በራሱ የሄደ ዕለት

የባሌ የሷሊህ ሥራ የሞተ መኪና መጎተት ነው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብርሃ ጅራ ሞተሩ የነከሰ፣ ጭቃ የዋጠው፣ ባለቤቱ ተስፋ የቆረጠበት መኪና ሁሉ መጨረሻው የእሱ የብረት መጎተቻ ነው። ሰው ማባበል አያውቅም። "ሞቷል" ካለ ሞቷል፤ ሹፌሩ ፊቱ ቆሞ ቢያለቅስ እንኳ ቃሉን አያለዝብም። እኔንም ሲጠይቀኝ "ቤቴ ይሞቃል፣ እጄ ግሪስ ይሸታል፤ አስቢበት" ነበር ያለኝ። አስቤበት አገባሁት፤ አልዋሸኝም።

አንድ ሕግ አለው። መኪና ከመጎተቱ በፊት ሆዱ ሥር ይገባና ካርዳኑን፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ብረት፣ ይፈታዋል። ካልተፈታ ጎማው በዞረ ቁጥር ካምቢዮውንም ያዞረዋል፤ ሞተሩ ስለማይሠራ ዘይት በደንብ አይደርሰውም፣ ተፋጭቶ ይቃጠላል። "ጎማው ይሂድ፣ ካምቢዮው ይተኛ" ይላል። የፈታውን ካርዳን በጨርቅ ጠቅልሎ ይጭነዋል። እኔ የተከፈነ ሰው ይመስለኛል፤ ይህን ስነግረው ይቆጣል።

እማማ መጂዳ ካረፉ ወዲህ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ስለ ልጃቸው መኪና መናገር ይቻላል። ልጃቸው ኡመይር ጎረቤታችን ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ሳቁ የማይጠገብ፣ ለእናቱ አንድ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ለሠራተኞች ማሽላ አድርሶ ሲመለስ ጠፋ። መኪናው ከሽንፋ ማዶ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፣ ፊቱን ወደ ቤት እንዳዞረ። በሮቹም መስኮቶቹም ተዘግተዋል። ቁልፉ ተከፍቶ እንደተሰካ ነው፤ ናፍጣው ግን ጠብታ አልቀረውም፣ ባትሪውም ሞቷል። አንድ ሰው ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዷል ማለት ነው፤ መኪናው ናፍጣው እስኪያልቅ ድረስ ብቻውን ሲያጓራ ቆይቷል። ደም የለ፣ የተሰበረ ነገር የለ። ፖሊስ መረመረ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ውሰዱት አለ።

ሲጎተት ከኋላ ሆኖ መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሰው የጠፋበት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ወንድ ግን ከከተማው ታጣ። ሌላ ጊዜ እኔ እኔ የሚሉት አንዱን ወገቡን አመመው፣ አንዱ ዘመድ ሞተብኝ አለ። ጉድ ነው፣ ወንዶቻችን! በመጨረሻ የኡመይር ሚስት ሳጂዳ "እኔ እይዘዋለሁ፤ እሱ አስተምሮኛል" አለች። ሷሊህ የሰው ሚስት ይዞ ብቻውን መሄድ አልወደደም፤ ስለዚህ እኔም አብሬ ሄድኩ።

የደረስነው በቀትር ነው። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም፤ የታጨደው ሰሊጥ በመንገዱ ግራና ቀኝ በነዶ በነዶ ቆሟል። ሷሊህ ሞተሩን ለማስነሳት ሞከረ፣ አልሆነም። ከዚያ መኪናው ሥር ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከሥር ተጣራ።

"ማነው የወጣው?"

"የት?" አልኩት።

"ካቢናው ላይ። መኪናው ወደ እኔ ዝቅ አለ።"

ማንም አልወጣም። ሳጂዳ አጠገቤ ቆማለች፤ እጄን ስትይዘኝ በዚያ ሐሩር ጣቶቿ ቀዝቅዘው ነበር። ሷሊህ ወጥቶ እኛን አየ፣ ባዶውን ካቢና አየ፣ ካርዳኑን መጠቅለል ጀመረ። እኔ ግን ፈራሁ፤ እሱ ያልሆነውን ሆነ የሚል ሰው አይደለም።

መንገዱን ሁሉ ዓይኔ ከመስታወቱ አልተነቀለም። ድምፅ የሌለው መኪና ከኋላችን እየመጣ፣ ስናዘግም አይቀርብ፣ ስንፈጥን አይርቅ።

የሳጂዳ ቤት ደጃፍ ዳገት ነው። ስንቆም ሷሊህ "የእጅ ፍሬን ያዥ" ብሎ ጮኸ፤ ያዘች። ወርዶ መጎተቻውን ሲፈታ እማማ መጂዳ እየሮጡ መጡና ክንዱን ጨመደዱት።

"ልጄ አለበት? ውስጡ አለበት?"

"የለም፣ እማማ። ሳጂዳ ናት" አለ፣ በዚያው እጁ ብረቱን እየነቀለ።

መኪናው ሄደ። ሞተር የለ፣ ጩኸት የለ፤ ሳጂዳን እንደያዘ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ አሸዋ ውስጥ ገብቶ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ሳጂዳ ወዲያው አልወረደችም።

"ጠራው!" አለ ከሰዉ አንዱ። "ወላሂ፣ ባለቤቱ ጠራው! በሕይወት አለ!"

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው? ለቅሶ አይቀመጥም ተባለ። ሳጂዳ ባሏ እንደሞተባት ሐዘን መግባት አልቻለች፣ ባል እንዳላት መኖርም አልቻለች። እማማ መጂዳ ምግብ በወጉ መብላት ጀመሩ፤ ከሰዓት ከሰዓት ካቢናው ላይ ወጥተው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። ሷሊህ ግን ምግብ አስጠላው። የዚያ መኪና የእጅ ፍሬን ጎማ አይደለም የሚይዘው፤ ካምቢዮው ጭራ ላይ ሆኖ ካርዳኑን ነው የሚይዘው። ካርዳኑ ከወረደ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር የለውም። ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ ነበረበት፣ ሁልጊዜም ያደርጋል፤ ያን ዕለት እማማ ክንዱን ሲይዙት ረሳው።

"ተነሽ፣ ለሳጂዳ እንንገራት። ሰው በኔ ስህተት ላይ ተስፋ ሠርቷል" አለኝ።

"ተስፋውን አፍርሰህ በምን ትተካዋለህ?" አልኩት። ተነሳሁ ግን።

ስንደርስ እማማ ካቢናው ላይ ናቸው። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው፣ ፊታቸው በርቷል።

"ሷሊህ፣ ና እየው! ወንበሩ እንኳ ልጄ እንደተወው ነው። አይደል?"

ሷሊህ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ገባ። ለሳጂዳ ፍሬኑንም ካርዳኑንም የረሳውን ታኮም ነገራት። "ማንም አልጠራውም፣ እህቴ። እኔ ነኝ የለቀቅሁት።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለች። "የሹፌር ሚስት አይደለሁ?"

"ታዲያ የእግር ፍሬኑን ለምን አልያዝሽም?"

"ሲንሸራተት ወደ ኋላ ጣለኝ፤ እግሬ አልደረሰም።" ወደ ደጅ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔና ኡመይር ቁመታችን እኩል ነው። ወንበሩ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ነበር። መኪናውን እዚያ ያቆመው ረጅም ሰው ነው። መንገዱን ሁሉ ያ ሰው የተደገፈበትን ላለመንካት ጫፉ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ለመርማሪው ነግሬዋለሁ። ኻላስ፣ ኡመይር የለም።"

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ አላለቀሰችም።

"አሸዋው ላይ ሲቆም፣ ሳልወርድ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት" አለች። "እናቱ እንዳያዩ።"

ሷሊህ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከዚያ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ወደ ካቢናው ጠጋ ብሎ ቀና አለ።

"አዎ፣ እማማ" አላቸው። "እሱ እንደተወው ነው።"

ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ሲዋሽ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።