ከእህል በፊት የማይነገር

ወረታ ከተማ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት «ንግር» የሚለውን ቃል ነበር። ደራሲ በኋላ የሚያመጣውን ነገር አስቀድሞ በትንሹ ሲጠቁም ንግር ይባላል ብዬ አስረዳሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያሳለ ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ አልጋ ላይ ይገኛል፤ በልብ ወለድ ማንም በከንቱ አያስልም አልኳቸው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ በኑሮስ ንግር አለ?»

«የለም» አልኳት። «ኑሮ እንዲህ አይጠነቀቅልንም።»

እንዲህ ያለ መልስ ስሰጥ በራሴ ደስ ይለኛል፤ አመል ነው።

ከክፍል ወጥቼ ስልኬን ሳየው ታናሽ ወንድሜ ደጋግሞ ደውሏል። እሱ ቁሐር ሚካኤል በሚባለው መንደራችን ከአባታችን ጋር ያርሳል፤ በሥራ ሰዓት ደውሎ አያውቅም። መልሼ ደወልኩ።

«አባባ ነይ ብለውሻል» አለኝ።

«ምን ሁነው ነው?»

«ምንም አልሆኑም። ብቻ ዛሬውኑ ነይ።»

«እስቲ ስጣቸው።»

«አሁን አይመችም» ብሎ ዘጋው።

አባቴ ስልክ የማይመቻቸው ሰው አይደሉም። እንዲያውም ነጥቀው ነው የሚያወሩት፤ ከሜዳው ማዶ የሚጣሩ ይመስል ስለሚጮኹ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምሰማቸው። ፈራሁ። የቀረኝን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጥቼ ባጃጅ ያዝኩ።

ጥቅምት ገብቶ ሩዙ አሽቷል፤ መሬቱ ግን ውኃውን ገና አልጨረሰም። ባጃጁ አልሄድም ካለበት ወርጄ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በማሳዎቹ ጠርዝ በጭቃው ሄድኩ። እየሄድኩም ማስታወስ ጀመርኩ። በበጋው አባቴ ወገቤን ብለው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብተው ነበር፤ ተሻለኝ አላሉም። በክረምቱ በሬዎቹን ለወንድሜ ለቀቁለት። ለመስቀል ስሄድ የቀረበላቸውን ሳይጨርሱ ወደ እኔ ገፉት፤ እኔም ደስ ብሎኝ በላሁላቸው። ይህን ሁሉ አንብቦ ምንም ያልጠረጠረ ተማሪ ቢኖረኝ እቆጣው ነበር።

ከመንደሩ ዳር አንዲት ጎረቤታችን ሣር ታጭዳለች። ሁልጊዜ «የከተማዋ እመቤት፣ ጭቃው አወቀሽ?» ብላ ሳትተርበኝ አታሳልፈኝም። ያን ቀን «እንደምን ዋልሽ» አለችና ወደ ማጭዷ አቀረቀረች። ምነው በሰደበችኝ አልኩ።

ደጃችን ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የአባቴ የነፍስ አባት አሉ።

«አባባስ?»

«አረፍ በይ፣ ልጄ» አሉኝ ቄሱ። «መጀመሪያ እህል ቅመሽ።»

በእኛ አገር ለተራበ ሰው መርዶ አይነገርም። ሐዘን የገባበት ጉሮሮ እህል አያሳልፍምና፣ ልጅ ከሩቅ ሲጠራ በሰበብ ይጠራል፤ ሲደርስ ያበሉታል፤ ከዚያ ይነግሩታል። እናቴ የሞተች ጊዜም እንዲሁ አደረጉኝ። በመንገድ ርቦኝ ስለነበር ደህና አድርጌ በላሁ፤ ወጡ ጣፍጧል ብዬም አመሰገንኩ። የነገሩኝ እጄን ስታጠብ ነው። ያን መጉረሴን እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

የወንድሜ ሚስት የሩዝ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

አልበላም አልኩ በሆዴ። ካልበላሁ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ አባቴ አልሞቱም። ለተማሪዎቼ «ልብ ሰቀላ» የሚባለውን ሳስተምር አንባቢ መጨረሻውን ለማወቅ ይቸኩላል እላለሁ። እኔ አልቸኮልኩም። ልቤም የተሰቀለ አልመሰለኝም፤ ወደ ታች እየወረደ ነበር።

«አልራበኝም» አልኩ።

«ተይ እንጅ፣ ጥቂት» አለች የወንድሜ ሚስት።

«የጽጌን እየጾምኩ ነው።»

ቄሱ ሳህኑን አዩት። «ሽሮ ምን ያስገድፋል? ሰዓቱም አልፏል።»

ቄስ ፊት በጾም መዋሸት ሞኝነት ነው። እንባዬ መጣ። ያኔ ከቤት ውስጥ «አልበላችም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የአባቴ ድምፅ ነበር፤ ያ ጩኸት ግን የለውም። ሳህኑን ጥዬ ገባሁ። መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ፣ እዚያው ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሳቅሁም።

«አባባ፣ ገደሉኝ እኮ! የሞቱ መስሎኝ!»

«አለሁ» አሉ፤ ራሴን እየዳሰሱ። እጃቸው ቀሏል።

ከእኔ ጋር የሳቀ ሰው አልነበረም። ቄሱ ገብተው ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ። ጎረቤቶቹም ተከተሏቸው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወንድምሽ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወስዶኝ ነበር» አሉ አባቴ። «ለአንች የሚነግርሽ ሰው ባጣ፣ ያሉኝን ራሴ ልነግርሽ ነው የጠራሁሽ። ለእሱ ደግሞ በስልክ ትንፍሽ እንዳትል ብየዋለሁ።»

«ምን አሉዎ?»

«ብይ መጀመሪያ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው የተሰበሰበው፣ ቄሱ የመጡት፣ እህሉ የቀረበው እንደ ወጉ ነው። የአባቴን መርዶ ሊያረዱኝ የተቀመጡት ግን አባቴ ራሳቸው ናቸው።

ሳህኑ ተመለሰልኝ። በላሁ። በጣም እያሳነስኩ ጎረስኩ፤ ብዙ አኘኩ። አባቴ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ተከትለው ያስውጡኛል። እንጀራው አለቀ። የወንድሜ ሚስት የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

እጄን ወደ ኋላዬ ሸሸግሁ።

«ጨምሪልኝ» አልኳት። «አልጠገብኩም።»