ወንድሜ የዘለላት ሴት

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ አርባ ቀኑ ሞላ። ዘመድ ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ የሚያነሳው ትውልድ አቆጣጠሩን ነው። ልጁን ሊድር ያሰበ ዘመድ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለው ቤቱ ድረስ መጥቶ ሰባት ቤት ያስቆጥረው ነበር። በጣቶቹ አንጓ እየያዘ፣ እናቶችንም ሳይዘል፣ የትውልድ ከተማችንን እስከ ቆረቆሩት ቅድመ አያታችን ይደርሳል።

በወጣትነቴ የምወደው ሰው ሽማግሌ ሲልክም የቆጠረው እሱ ነው።

«አይሆንም እቴ፤ ሰውየው የሴት ቅድመ አያታችን የብርቄ ወንድም ዘር ነው» አለኝ።

ብርቄ የቆርቋሪው የቤት አገልጋይ ነበረች፤ እኛ የመጣነው ከእሷ ነው። አልቅሼ ተውኩት።

አምና ስለ ከተማዋ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ወንድሜን ትውልዱን አስቆጥረውት ሄዱ። መጽሐፉ ሲደርሰን መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ አነበብኩት። በብርቄ ቦታ የቆርቋሪው የሕግ ሚስት ገብታለች።

«ጋሼ፣ ብርቄን የት አደረስካት?» አልኩት ቤቱ ሄጄ።

«ታዲያ ከተማ የቆረቆረ ሰው ከገረድ ወለደ ተብሎ ይጻፍ?»

«እኔን ከምወደው ሰው ስትለየኝ ግን ቅድመ አያቴ ነበረች።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱን የረገጥኩት ለለቅሶው ነው።

ባለፈው እሁድ ለልጅ ልጄ ሽማግሌ ቤቴ መጣ። ድሮ ወንድሜ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ባዶ ነው፤ የሚቆጥር ጠፍቶ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቆጠርኩ። ብርቄ ላይ ስደርስ አንዱ ዘመዳችን ጉሮሮውን ጠረገ። ስሟን ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከዚያ «ነፍስ ይማር» አልኩ፤ ለእሷም፣ ለወንድሜም።