የግማሽ ፀሐይ ፍርግርግ

ብረት በያጁን ሰፈሩ «ብልጭታ» ይለዋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከሥራው ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎ ይስቃል፣ ቶሎም ይረሳል። አንድ ነገር ብቻ ልርሳው ቢል አልረሳ አለው።

እሱና ሚስቱ ከተከራዩበት ግቢ አራት አጥር አልፎ አንድ ጅምር ቤት ነበር። ያስጀመሩት የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ግድግዳው ቆሞ፣ የፊት መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ ገብቶላቸው፣ ጣሪያ ሳይመታ ሰውየው ሞቱ። ባለቤታቸው ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ቤቱ ለአረምና ለድመት ቀረ። መጀመሪያ አንዱ ጣውላ ወሰደ፤ ቀጥሎ ሌላዋ ለዶሮ ቤቷ ቆርቆሮ ጎትታ ሄደች። ብልጭታ ሁለት ዓመት ሙሉ እያየ አለፈው። በሦስተኛው ዓመት ብረት ተወደደ፣ ሥራም ቀዘቀዘ። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የብረት መጋዙን ይዞ ገባ። መደበቅም አላስፈለገውም፤ የሥራ ልብስ የለበሰ በያጅ ብረት ተሸክሞ ቢሄድ ማን ምን ይለዋል? ከምሰሶዎቹ አናት ላይ ወጥቶ የቆመውን ፌሮ ከሥሩ ቆረጠው። በሚቀጥለው እሑድ ፍርግርጎቹን ነቀለ። አንዱን ቆራርጦ የሰው በር ሠራበት፤ ሌላውን እንዳለ ለሰፈሩ ጫማ ሰፊ ሸጦ ሱቁ መስኮት ላይ ገጠመለት። «ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው» አለ ለራሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ጊዜ አለፈ። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ከልብስ ስፌቷ ቀና የማትል ሴት ናት። አንድ ቀን መቀሷን እንደያዘች እየሮጠች ወርክሾፑ ድረስ መጣች።

«ጅምሩ ቤት ሊሸጥ ነው!»

«ያ ፍርስራሽ? እዚያ ውስጥ ምን አለና?»

«ግድግዳ አለ። ከአከራያችን ፊት የሚገላግለኝ ግድግዳ!»

እንቢ እንዳይል ምክንያቱን ልትጠይቀው ነው። ወደ ብየዳው አጎነበሰ። እሷ ግን እሺ ያለ መሰላት።

ግንበኛው ወንድሟ ቤቱን ሊያይ መጣ። የምሰሶዎቹ አናት ላይ ወጥቶ በመዶሻ መታ መታ አደረገና ወደ ታች ጮኸ። «ፌሮውን አንድ የማይረባ ከሥሩ ቆርጦታል! እዚህ ላይ ፎቅ መቀጠል አይታሰብም። ዋጋ ይቀነስልን እንጂ፣ እናቴ።»

የአስተማሪው ባለቤት ታች ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። አልተከራከሩም። «የሰረቀኝን ፈጣሪ ይየው» አሉና የብልጭታን እጅ ያዙ። «ለእናንተ መሆኑ ግን ደስ ብሎኛል። ለጨዋ ሰው ደረሰ።» እጁን እንደለቀቁት ሜትሩን አውጥቶ ግድግዳ መለካት ጀመረ።

ቤቱ ተገዛ። ከሳሎኑ ብቻ አርባ ኬሻ አፈርና ቆሻሻ አወጡ። ዝናብ ያበሰበሰውን የግድግዳ አናት ሦስት ረድፍ አፍርሰው እንደ አዲስ ደረደሩት። ሥሩን ግድግዳው ውስጥ የሰደደ ዛፍ ነበር፤ እሱን ለመንቀል ሁለት ቀን ፈጀ። ብልጭታ ከወርክሾፑ ሲመለስ ምሳም እራትም ሳይል እስኪጨልም ይሠራል። «ኧረ ቀስ በል፣» ይለዋል ግንበኛው፣ «ቤቱ እግር የለውም፤ አያመልጥህም።» ሚስቱ ትጋቱን አይታ ለጎረቤት ታወራለች። ስትኮራበት ሲሰማ ስሚንቶ ላምጣ ብሎ ይወጣል።

ቆርቆሮው ሲመታ ሚስቱ የአስተማሪውን ባለቤት ጠርታ ካላሳየሁ አለች። ከአውቶቡስ ተቀብለዋቸው በእግር ሲመጡ፣ ጫማ ሰፊው ሱቅ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ ቀጥ ብለው ቆሙ። የሱቁን መስኮት አተኩረው አዩ። ፍርግርጉ ጥግ ላይ ከነጨረሩ ግማሽ ፀሐይ አለ።

«ይሄ የባለቤቴ እጅ ነው» አሉ። «ደብተር ላይ እየሣለ እየደመሰሰ፣ ራት እየቀዘቀዘበት የሠራው ነው። አንተ! ከየት አመጣኸው?»

ጫማ ሰፊው መርፌውን አስቀምጦ ተነሳ። «ገዝቼው ነው፣ እናቴ።»

«ከማን?»

ሰውየው ብልጭታን አየው። ብልጭታ መሬት መሬት አየ። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መቆም ጀመረ።

«ከመንገደኛ» አለ ጫማ ሰፊው በመጨረሻ።

«ሌባ! ዓይን አውጣ ሌባ!» አሉት ሴትየዋ። ጫማ ሰፊው ጆሮው ድረስ ቀልቶ መርፌውን አነሳ። ብልጭታ አልተነፈሰም። ሴትየዋ ቤቱን ሳያዩ ከመንገድ ተመለሱ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት፣ በር ያልገባለት ሳሎን ውስጥ፣ ብልጭታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። አልጮኸችም። ቀስ ብላ የግድግዳውን ልስን በመዳፏ ዳሰሰች።

«በርካሽ ገዛን ብዬ በየሰው ቤት አውርቻለሁ፣» አለች። «በርካሽ የገዛነው ለካ አንተ አርክሰኸው ነው።» ቀጥላም፣ «ሂድና ንገራቸው። ብቻህን።»

ሄደ። ሴትየዋ የልጃቸው በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ቆሞ ተናገረ፤ ተቀመጥም አላሉትም። ሲጨርስ እጃቸው ላይ ያለውን እርጥብ አንሶላ እንደያዙ ጠየቁት።

«ብረቱስ ይሁን፣ ችግር ያሠራል። ያን ምስኪን ሌባ ብዬ ስሰድበው፣ አጠገቤ ቆመህ ለምን ዝም አልክ?»

«አፈርኩ፣ እማማ።»

«ያኔ አላፈርክም። ፈርተህ ነው። ማፈሩ አሁን ነው የጀመረህ።»

አንሶላውን አሰጥተው ዣንጥላቸውን አነሱ። «ና ውሰደኝ።»

ጫማ ሰፊው ሱቅ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ሴትየዋ ይቅርታ ጠየቁ። እሳቸው ከጠየቁ በኋላ የብልጭታ ተራ ሆነ። ለሴትየዋ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ለጫማ ሰፊው ግን ምንም አላዘጋጀም። «ወንድሜ…» ብሎ ቀረ።

«ተወው፣» አለ ጫማ ሰፊው ወደ ጫማው አጎንብሶ። «የገጠምክልኝ ፍርግርግ እስከ ዛሬ ደህና ነው።» ስድብ ቢሆን ኖሮ ይቀልለው ነበር።

ሴትየዋ ፍርግርጉ ይመለስልኝ አላሉም። ከዋጋው የተቀነሰላቸውን ባልና ሚስቱ በየወሩ እየከፈሉ ጨረሱት፤ ሴትየዋ ግን ቤት ኑ ቢባሉ «እግሬን ያመኛል» እያሉ አንድም ቀን ሳይመጡ ቀሩ።

ዛሬ የቤቱ ሁለት ክፍሎች አልቀው ይኖሩባቸዋል። ሚስቱ ነገሩን አንስታበት አታውቅም። ሲጣሉ፣ ንዴቷ ጫፍ ሲደርስ፣ ከንፈሯ ላይ የመጣ ቃል ይኖራል፤ ትውጠውና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ስትውጠው እሱ ያያል።