ቅጠል በጣሽ ያልሁት ሰው

እንጅባራ፣ አንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ ስሠራ በአንድ የባህል ሐኪም እቀና ነበር። ያኔ ለሙያዬ ተቆርቁሬ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው፤ ቅናት ነበር። ከጥሊሊና ከአዘና በሚኒባስ የሚመጣው ሰው እኛን አልፎ እርሱ አጥር ሥር ይሰለፋል። እኔ ከካርዱ ቀና ሳልል "ከመቼ ጀምሮ ነው?" እላለሁ። እርሱ ግን በአውኝኛ ስለ ከብቶቻቸው ጠይቆ፣ አሥቆ ነው ወደ ህመማቸው የሚገባው።

አንድ ረቡዕ ማለዳ በባጃጅ ሳልፍ እናቴን ሰልፉ ውስጥ አየኋት። እንዳልለያት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ሰውየው መድኃኒት የሚያጠጣው ረቡዕና ዓርብ በባዶ ሆድ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ ስለዚህ ልትጠጣ ነው ብዬ ደመደምሁ። ደሜ ፈላ። አስተምራ ነጭ ጋዋን ያስለበሰችኝ እናቴ ህመሟን ለእርሱ ልትነግር!

ኔትወርክ እንደተገኘ የከተማችን ልጆች በሚጨዋወቱበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጻፍሁ። መጠኑ ያልታወቀ ቅጠል ጉበት ሊጎዳ ይችላል አልሁ፤ ይህን ዛሬም እለዋለሁ። ግን በዚያ አላበቃሁም። ቅጠል በጣሽ፣ አጭበርባሪ፣ የመሃይም አለቃ አልሁት። ስሙን ባልጠራም ማንም አላጣውም። ስለ ጉበቱ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። ግማሹ በስድቤ ሣቀ፣ ግማሹ "ኪኒን ቸርቻሪ" እያለ መለሰልኝ። ዳንግላ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬማ "ምነው፣ ገበያህን ወሰደብህ እንዴ?" አለኝ። እውነት ስለነበረ አንገበገበኝ።

በሳምንቱ ዓርብ ሰውየው ራሱ ጤና ጣቢያ መጣ። ለጠብ መስሎኝ ብድግ አልሁ።

"ተቀመጥ ልጄ" አለኝ። "ስድቡን አንብበውልኛል፣ እርሱን ተወው። የመጣሁት ለእናትህ ነው።"

"ምን ሰጧት?"

"ምንም። ጡቷ ላይ እብጠት አለ። ይኼ የኔ ሥራ አይደለም፣ ወደ ልጅሽ ሂጂ ብዬ ባለፈው መለስኋት። ዛሬ ደግማ መጣች። ለምን አልሄድሽም ብላት፣ 'እርስዎን እንዲያ የሰደበ፣ መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ መምጣቴን ቢሰማ እኔን ምን ይለኛል?' አለችኝ።"

ከሁሉ አብልጬ የቀናሁበት ያኔ ነው። እኔን መፍራቷን እንኳ የነገረችው ለእርሱ ነበር።

ሥራዬን ጥዬ ቤት ሄድሁ። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ "እማዬ፣ የት ነው የሚያምሽ?" አልኋት።

ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች።

"እኔ? ደህና ነኝ ልጄ። ምንም አላመመኝ።"